የእመት ጃርት ቀይ ክር

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ አፍ ሲያወሩ፣ ስሙን የረሳነው አንድ አገር ነበር። በአገሩ መሃል ትልቅ ዋርካ፣ በዋርካው ላይ እመት ሸረሪት። አዋቂ ሁሉ የሚያውቀውን በቅጠል ጽፎ ያመጣላታል፤ እሷም የረባውን ከፊት፣ ያልረባውን ከኋላ አድርጋ ድሯ ላይ በተርታ ትሰቅለዋለች። መንገደኛ ይመጣና፣

«እመት ሸረሪት፣ እመት ሸረሪት፣ የሚበላ ሥር ወዴት ነው?» ይላል።

«ፊተኛውን ቅጠል አንብብ፣ ክሩን ይዘህ ሂድ!» ትለዋለች። ከቅጠሉ እስከ ቦታው የሚያደርስ ክር ይታሰር ነበርና።

ፊተኛው ቅጠል የእመት ጃርት ነው። ጃርት ያልቀመሰችውን አትጽፍም። «ይሄ ይጣፍጣል፤ ይሄ ሆድ ይነፋል፤ ጎደሬን ጥሬውን እንዳትነክሱ፣ ጉሮሮ ያሳክካል፣ ፍም ውስጥ ቅበሩት» ብላ ሁሉንም ለይታ ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን ባለ ጎተራው አያ ከርከሮ መጣ። «እመት ጃርት፣ ከቅጠልሽ ወደ ጎተራዬ ክር እሰሪ። ያንቺን ክር ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ ላንቺ አንድ አንድ ሥር።»

ክረምት ደርሷል፤ ጃርት አራት ልጆች አሏት። ጎተራው ገብታ ሥሩን አንድ በአንድ ቀመሰች፤ ጥሩ ነው። ክሩን አሰረች። ልጆቿም ጠገቡ።

እመት ጦጢት ይህን አየች። «አሃ! ነገሩ ክር ማሰር ነው እንዴ!» አለች። የጃርትን ጽሑፍ በመቶ ቅጠል ላይ ገለበጠች። የጎደሬውን ማስጠንቀቂያ «ገበያ ያባርራል» ብላ ተወችው፤ በምትኩ «ማር ያስንቃል!» ብላ ጻፈች። አንዱንም አልቀመሰች። ከመቶው ቅጠል መቶ ክር ወደ ባለ ጎተራዎች ዘረጋች፤ እንዳይታይባትም ጭቃ ቀባችው።

ብዙም ሳይቆይ ዝንጀሮ ከንፈሩ አብጦ እየጮኸ መጣ።

«እመት ሸረሪት፣ አፌ! አፌን!»

«ማን ላከህ?»

«ይሄ ቅጠል! ጥሬውን ገመጥኩት፤ ይኸው ማሩ!»

ሸረሪት የጦጢትን ቅጠል በሙሉ አንስታ፣ ጉንዳን እንኳ የማያነበው የኋላ ተርታ ጣለችው።

ጦጢት ወደ ጃርት ሮጠች። «እህት ዓለም፣ ጉድሽ ፈላ! ሸረሪት የድርሻ ክር ጠልታለች። ነገ ያንቺ ተራ ነው። ወይ ደብቂው፣ ወይ በጥሺው!»

የጃርት እሾህ ቆመ። ክሩ ቢበጠስ ልጆች ክረምቱን በምን ያልፉታል? ወደ ኋላ ተርታ ብትጣልስ ማን ይመጣል? ያው ረሃብ ነው። «ልደብቀው? ምን ሰርቄ?» አለች ለራሷ። እንሶስላ ቆፍራ ወቀጠች፤ ክሯንም ውስጡ ነክራ እንደ ሙሽራ እጅ አቀላችው። በቅጠሏም ላይ ጨመረች፦ «በቀዩ ክር ብትሄዱ ከአያ ከርከሮ ድርሻ አለኝ። ድንቹ ጥሩ ነው። ቦዬ የሚባለው ሥር ግን ዛሬ ብቀምሰው በስብሷል፤ ቦዬ የፈለገ ወንዝ ዳር ይቆፍር።»

አያ ከርከሮ እየተቆጣ መጣ። «የኔን ሥር እየበላሽ እኔኑ ታሚኛለሽ?»

«አያ፣ ፊት ለፊት የተነገረ ሐሜት አይደለም። የበሰበሰውን ጣለው፣ እሱንም እጽፍልሃለሁ።»

ከርከሮ አጉረመረመ፤ ግን ሄዶ ጣለው።

በማግስቱ ሸረሪት በስምንት እግሯ መጣች። ቀዩን ክር ዳሰሰችው። ጃርትም፣ «እመት ሸረሪት፣ በጥሺ ካልሽኝ…» አለች።

«ማን በጥሺ አለሽ? ክርማ የኔም ሥራ ነው። ጦጢትን የጣልኳት ስለ ክሯ መሰለሽ? ክሯ ቢበጠስ ቅጠሏ ላይ ምን ይተርፋል? ያንቺ ቢበጠስ እውቀትሽ ይተርፋል። ቅጠል ስመዝን ቀዩን ክር አልቆጥረውም፤ አያነሳሽም፣ አይጥልሽም። እኔ የማነበው ቅጠሉን ነው።»

የጃርት ቅጠል ከፊት ሳይነቃነቅ ቀረ፤ ልጆቿም ክረምቱን ጠግበው ከረሙ። ጦጢት ይህን ሰምታ መቶውን ክር እንሶስላ ነክራ እየዘለለች መጣች።

«ይኸው፣ ቀይ ነው!»

«ክሩን አየሁት፤ ቅጠሉስ?» አለቻት ሸረሪት።

ጦጢትም መቶውን ክር ጠቅልላ ሄደች። እኛም ተረታችንን በዚሁ እንጠቅልል፤ አባቶች እንዲህ ብለዋልና፦

ቀምሶ የጠቆመ ድርሻውን ይበላል፤ ሳይቀምስ ያሞገሰ ከተርታው ይጎድላል።