የአያ አሊጋዝ ጉሮሮ

ሰው ራሱ ባመጣው ጣጣ ሲነጫነጭ ስንሰማ የምንወረውራት አንዲት አባባል አለች። ከሰማይ ዱብ ያለች እንዳትመስላችሁ፤ የአያ አሊጋዝ ጉሮሮ ነው የወለዳት።

አያ አሊጋዝ ቆላ ውስጥ አንዲት የማሽላ ማሳ ነበረችው። ልጆቹ ትዳር ይዘው ሄደዋል፤ እሱና ሚስቱ ፋጤ ከዚያች ማሽላ በቀር ዓመቱን የሚገፉበት ነገር የላቸውም። ማሽላው እሸት በያዘ ቁጥር ደግሞ ወፍ ይወርድበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ እየወጣ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ «ሆ! ሆ!» ሲል ኖረ። ዘንድሮ ግን ደከመው። ጉልበቱም መሰላሉን እምቢ አለ።

«ፋጤ፣ ከወፍ ጋር መጣላት ሰለቸኝ። እታረቃለሁ» አላት።

«ምን ብለህ?»

«ድርሻቸውን ደጄ ላይ እሰጣቸዋለሁ። ከጠገቡ ማሳዬን ይተዉልኛል።»

«ወይ ጉዴ! ሰውዬው ጃጀ!» አለች ፋጤ።

በማግስቱ ከጎተራ አንድ ጣሳ ማሽላ አውጥቶ በተነ። ወፍ መጥራት የት ያውቃልና፣ የለመደችው አፉ «ሆ! ሆ!» አለች። የመጀመሪያ ቀን ሸሹ። በሦስተኛው ቀን መጡ። ሳምንት ሳይሞላ «ሆ!» ባለ ቁጥር ከየግራሩ ግር ብለው ይወርዱ ጀመር።

ማሳው ዳነ፤ አያ አሊጋዝ ግን እረፍት አላገኘም። እግሯ የተሰበረ አንዲት ወፍ ዘግይታ ስለምትደርስ ድርሻዋን በመዳፉ ይዞ ይጠብቃታል። የቤታቸው ድመት ወፎቹን እንዳትይዝ ቅርጫት ይደፋባታል።

«ያ ራሰ ቀዩ ወፍ ዛሬ ቀረ፤ አሞት ይሆን?» ይላል።

«እኔን አንድ ቀን እንኳ አሞሽ ይሆን ብለኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች ፋጤ።

እንግዶቹ ዘመድ አዝማድ እየጎተቱ በዙ፤ ጣሳው ቁና ሆነ፤ ጎተራው ወለሉ ታየ። አንድ ጠዋት የሚበተን ጠፋ። ወፎቹ ደጁ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ሲያጡ ወደ ማሳው ተነሡ።

«አንተ አሊጋዝ! ማሽላው አለቀብን!» ብላ ጮኸች ፋጤ።

አያ አሊጋዝ በጉልበቱ እየዳኸ ማማው ላይ ወጣና ያለ የሌለ ድምፁን አውጥቶ «ሆ! ሆ!» አለ። ይህን የሰማ ወፍ ሁሉ፣ የጎረቤት ማሳ ላይ የነበረው ሳይቀር፣ ለምሳ የተጠራ መስሎት ማሽላው ላይ ሰፈረ። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ መጡ። ያቺ እግረ ሰባራም ማማው ላይ አጠገቡ አርፋ መዳፉን ታይ ጀመር።

«ዝም በል! በአላህ ዝም በልልኝ!» እያለች ፋጤ ከታች ቆርቆሮ ትደበድባለች። እስክታባርራቸው ድረስ እኩሌታው እሸት ተበላ።

አያ አሊጋዝ እንባው እየመጣ ወደ ጎረቤቱ ማማ ዞረ። እትዬ ዘሃራ አንድ ወፍ ስላልቀረላት ወንጭፏን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታያለች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል? ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ እኮ!»

እሷም ራሷን ነቀነቀችና «አይ አያ አሊጋዝ፣ ዝም ብለህ ውረድ፤ በጠሩበት አፍ አያባርሩበትም!» አለችው።