ግማሽ ጥቅል ናስትሮ

ተረት ልንገራችሁ፤ «የላም በረት» አትበሉኝ፣ ላምም በረትም የለበትም። ያሉበት ሽቦ፣ ቲነርና ባሌ ወንዳፍራሽ ናቸው።

ወንዳፍራሽ የሕንፃ ቀለም ቀቢ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ቫርኒሽ ሲቀባ፣ ከቲነሩ ጣሳ በላይ የተላጠ የመብራት ሽቦ አየ። ትንሽ ነገር ፈለገ፤ ሽቦ የሚጠቀልልበት ናስትሮ።

ወደ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ወደ ጋሽ ዝናቡ ወረደ። ናስትሮ ይስጡኝ፤ ሽቦውን ልሸፍን፤ ቲነሩን እንዳያነደው አላቸው። ጋሽ ዝናቡ፣ ለቀቢ የሚወጣው ቀለም ነው፣ ናስትሮ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ፎርማኑን አስፈርም አሉት።

ወደ ፎርማኑ ሄደ። ፈርምልኝ፤ ጋሽ ዝናቡ ናስትሮ ይስጡኝ፤ ሽቦውን ልሸፍን፤ ቲነሩን እንዳያነደው አለው። ፎርማኑ ሳቀበት። «ቀቢም መብራት ሠራተኛ ሆነ? ኢንጂነሩ ሳያዝ አልፈርምም።»

ለኢንጂነሩ ደወለ። ይዘዙልኝ፤ ፎርማኑ ይፈርምልኝ፤ ጋሽ ዝናቡ ናስትሮ ይስጡኝ፤ ሽቦውን ልሸፍን፤ ቲነሩን እንዳያነደው አለ። ኢንጂነሩ ሰኞ ስመጣ አያለሁ አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

አርብ ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጣ፣ ወደ እኔ መጣ። «አስካለ፣ እስቲ መሳቢያሽን ክፈቺ። ኢንጂነሩ አላዘዘም፤ ፎርማኑ አልፈረመም፤ ጋሽ ዝናቡ አልሰጡኝም፤ ሽቦው እንደተላጠ ነው፤ ቲነሩም ከሥሩ ነው።»

መሳቢያዬ ውስጥ ግማሽ ጥቅል ናስትሮ ነበረች። የጃንጥላዬን እጀታ ልጠግንባት ያኖርኳት ናት።

«የነሱን ሽቦ በኛ ናስትሮ?» አልኩት። «እንዲህ ስትሆን እኮ ነው የሚስቁብህ።»

ወደ ሥራው ወጣ።

እኔ መሳቢያዬን አልከፈትኩም፤ ኢንጂነሩ አላዘዘም፤ ፎርማኑ አልፈረመም፤ ጋሽ ዝናቡ አልሰጡም፤ ሽቦው ብልጭ አለ፤ ቲነሩ ተቀጣጠለ፤ ወንዳፍራሽ ተቃጠለ። ሆስፒታል ተኝቶ ሦስቱንም ስማቸውን እየጠራ ወቀሳቸው። የኔን ስም አልጠራም።

ሰኞ ኢንጂነሩ መጣ። ወንዳፍራሽ ሰኞ ሄደ።

ለቅሶ ቤት ሦስቱም ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ኢንጂነሩ ቀና ሲል የድንኳኑ መብራት ሽቦ ተልጦ አየ። ናስትሮ ይፈለግ ብሎ አዘዘ፤ ፎርማኑ ወረቀት ሳይጠይቅ እሺ አለ፤ ጋሽ ዝናቡ እስከ ጓዳ ገብተው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ናስትሮ ቢጤ አይጠፋችሁም?»

መሳቢያዬን ከፈትኩ፤ ጋሽ ዝናቡ ተቀበሉኝ፤ ፎርማኑ ወንበር ላይ ወጣ፤ ኢንጂነሩ ወንበሩን ያዘ፤ ሽቦው ተሸፈነ።

ናስትሮው ከመቼ ጀምሮ ቤታችሁ ነበር ያለኝ ሰው የለም። ይኸው፣ ሳልጠየቅ ጻፍኩት።