ውዳሴው ሲወጣ

ድረ ገጾችን በየዘርፉ የሚመዘግብ አንድ የኢንተርኔት ማውጫ በነፃ የሚያገለግል አርታኢ ቢፈልግ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አመለከተች። ዋና አርታኢው አቶ ተኮላ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ «ደንባችን አንድ ነው፤ ማንኛውም ገጽ ሲመዘገብ ውዳሴው ወጥቶ ቁም ነገሩ ብቻ ይጻፋል። በዚህ ፈተና ስንቱን ምሁር ጥዬዋለሁ መሰለሽ!» አሏት። ሊያጠምዷትም የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፍተው መጻፊያ ወረቀት ሰጧት። «እስቲ የእኔን ጻፊ!»

ብታወድስ ደንብ ልትጥስ፣ ብታናንቅ አለቃ ልታስቀይም ነው። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ስልኳንም አንዴ ጆሮዋ ላይ ለጠፍ አደረገችና ወረቀቱን ባዶውን መለሰችላቸው።

«ምነው፣ አቃተሽ?»

«ኧረ ጨርሻለሁ ጌታዬ! ውዳሴውን ሳወጣው የቀረው ስልክ ቁጥርዎ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እሱንስ ለምን አልጻፍሽም?»

«ደወልኩ እኮ፤ እሱም የውሸት ነው።»