ውርጭ የመታው ድንች

ባሏን ከቀበረች ዓመት ያለፋት ሴት ወደ መምህሩ መጥታ፣ «የኔታ፣ ሐዘኑ አልወጣልኝ አለ። በምን ጸሎት ላባርረው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

«አንዲት ሴት ነበረች፤ ድንች አምራች። አገሯ ከባሕር ማዶ፣ አንዲስ ከሚባለው ተራራ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ስንዴም በቆሎም አይበቅልም። አንድ ዓመት ድንቿን ቆፍራ አውጥታ ማሳው ላይ እንደ ከመረችው ሳይታሰብ ውርጭ ወረደ። ጧት ብትጨብጠው ድንጋይ ሆኗል። ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ላሽቆ ውሃ አዘለ። የዓመት ቀለባቸው ነበር። ባሏ አየውና፣ ‹በቃ፣ ማዕድን ቁፋሮ ሄደን በቀን ሥራ እንደር፤ ይህ አገር አላኖር አለን› አላት።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት አያቷ ታደርገው የነበረው ትዝ አላት፤ በመኪና ሩዝ መምጣት ከጀመረ ወዲህ መንደሩ የተወው ሥራ።

‹አልሄድም› አለች። ‹ውርጩን የጠራው የለም። ከመጣ ግን ሥራ ይሥራ።›

ክምሩን አፍርሳ ድንቹን ሣሩ ላይ ዘረጋችው፤ ውርጩ ደግሞ እንዲመታው! ጎረቤቶቿ አበደች አሉ። በየጧቱ ጫማዋን አውልቃ፣ ያዘለው ውሃ እንዲወጣ ትረግጠዋለች፤ በረዶ የመሰለው ውሃ በእግሯ ጣቶች መካከል ይፈሳል። ተረከዟ ተሰንጥቆ ደማ። ‹እግርሽን ልታጪ ነው!› ብሎ ባሏ ተቆጣ። እሷ መርገጧን አልተወችም። በአራተኛው ቀን እሱም ጫማውን አውልቆ ከጎኗ ቆመ።

ከዚያ ፀሐይ አደረቀው። አምስት ጆንያ የነበረው አንድ ጆንያ ሆነ። ያ የደረቀ ድንች ግን አይነቅዝም፣ አይበሰብስም፤ ዓመታት ይቀመጣል። ዝናቡ ከብዶ መንገድ ሲዘጋ እነሱም በሉ፤ አበደች ያሏትም ከደጇ እየወሰዱ በሉ።»

መምህሩ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ውርጩ አልተባረረም። የአንቺም ሐዘን እንደዚያው ነው። የሚያባርረው ጸሎት ቢኖር ለራሴም በጸለይኩት፤ ባለቤቴን ከቀበርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንቺ ባልሽን አስታምመሻል። በሽተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አልበላም ያለ ሰው እንዴት እንደሚጎርስ ታውቂያለሽ። ከወንዙ ማዶ ባሏ ታሞ አልጋ ላይ የወደቀባት አራስ አለች፤ ብቻዋን ናት። ነገ ሂጂላት። እያለቀስሽም ቢሆን ሂጂ።»