በጭድ ቤት የተገኘችው በቅሎ

ልጅ በትልልቅ ሰዎች መካከል ገብቶ የሚያውቀውን ሲዘረግፍ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ የሚወረውራት አባባል አለች። ብዙ ሰው ልጅን ለማሳፈር የተፈጠረች ትመስለዋለች። አይደለችም። መጀመሪያ የተነገረችው በአንዲት በቅሎ ምክንያት ነው፤ በዚያ ቀን የአንድ ገበሬ ሁለት በሬዎችና የዓመት ጤፍ በአንድ ልጅ ምላስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

የልጁ ስም ሽብሩ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ። አባቱ ሞቶ ከእናቱ ከጌጤነሽ ጋር ይኖራል። የሚያጠፋውን ሁሉ የሚያጠፋው ግን በጎረቤታቸው በአያ ደምስ ላይ ነው። ምናልባት አጥሩ ቅርብ ስለሆነ ይሆናል፤ ሌላ ምክንያት የፈለገለት ሰው የለም። የአያ ደምስን ሙክት እንደ ፈረስ ጋልቦ ገደል ሊከተው ጥቂት ቀርቶታል። ሰውየው ከእርሻ ተመልሶ ጥላ ሥር ጋደም ሲል፣ የጋቢውን ጫፍ ከውሻው አንገት ጋር አስሮ «ጅብ! ጅብ!» ብሎ ጮኋል። ውሻውም ጋቢውም እስከ ወንዙ ድረስ ሄደዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ እንቁላል እንዴት እንደሚፈለፈል ልይ ብሎ የሰውየውን ዶሮ አባርሮ እንቁላሎቹን ራሱ ታቀፋቸው።

አያ ደምስ የራሱ አምስት ልጆች አሉት። አምስቱ ተደምረው የሽብሩን ግማሽ አያስቸግሩም። ሁልጊዜ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጣራል።

«አንቺ ጌጤነሽ!»

«ደግሞ ምን አደረገ?»

«ሙክቴን ጋለበው።»

«ልጅ አይደል አያ ደምስ፣ ያድጋል እኮ።»

«እሱ እስኪያድግ እኔ ሙክት አይተርፈኝም።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «እግዜር ያሳድግህ!» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ምርቃት ይሁን እርግማን ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ የመንደሩ ጭቃ ሹም በቅሎ ጠፋች። ጭቃ ሹሙ ይፍሩ ይባላል፤ ግብር የሚያስገባው፣ ጥል የሚዳኘው እሱ ነው። በቅሎዋን ከሚስቱ አስበልጦ ይወዳታል እየተባለ ይታማል፤ ሚስቱም አታስተባብልም። መስክ ላይ ታስራ ዋለች፤ ጀንበር ስትጠልቅ ሎሌው ሊያመጣት ሲሄድ ካስማውን ብቻውን ቆሞ አገኘው።

በነጋታው አውጫጭኝ ተጠራ።

የአውጫጭኝ ሥርዓት ይህ ነው፦ የመንደሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ ወደ ተመረጠው ሽማግሌ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ሽማግሌው የነገረውን ሰው ላያወጣ ምሏል። «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ነገሩን ብቻ ይናገራል። በዚያ ቀን የተመረጡት አባ ወሰን ነበሩ፤ ጆሯቸው ብዙ የሚሰማ፣ አፋቸው ጥቂት የሚያወጣ ሽማግሌ። ሰዉ የታጎረው በጭቃ ሹሙ ሰፊ በረት ውስጥ ነው።

ሽብሩ ዕድሜው ለአውጫጭኝ አይደርስም። ይዛው የመጣችው እናቱ ናት።

«ወንዱን ሁሉ ከወሰዳችሁት ይህንንም ውሰዱልኝ» አለች። «ብቻዬን አልችለውም።» በበረቱ በር ገፋ አደረገችውና እፎይ ብላ ሄደች።

የመጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ። አባ ወሰን የማን አጥር ወደ ማን ማሳ እንደ ተገፋ፣ የማን ላም የማንን ገብስ እንደ በላች፣ ማን ማንን በድግስ ቀን እንዳማ ሰሙ። ስለ በቅሎዋ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዳመና መጣ።

በረቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ፤ እንደ አያ ደምስ የደነገጠ ግን የለም። የሌላው ሰው ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል። የእሱ ታጭዶ ማሳው ላይ እንደ ተጋደመ ነው። የዘገየውም በስንፍና አልነበረም። ማጭዱን ሽብሩ ደብቆበት ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልግ ነው የቆየው፤ በመጨረሻ ያገኘው ዱባው መካከል ተሰክቶ ነው። የታጨደ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይበሰብሳል። አምስት ልጆች ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት እሱን ነው።

«ጌታዬ፣ ሰማዩን ይዩልኝ» አለው ጭቃ ሹሙን። «ልውጣና ልከምረው። ከምሬ እመለሳለሁ።»

«ሌባውም ቢሆን እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«ልጆቼ የሚበሉት ሌላ እህል የለኝም እኮ።»

«እኔስ የምቀመጥበት ሌላ በቅሎ አለኝ?»

አያ ደምስ ዓይኑን ወደ ዳመናው መለሰ።

ሽብሩም ተጨንቆ ነበር። የእሱ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከበቅሎዋ ጋር ተወዳጅተዋል። የሽምብራ ቆሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ እየወሰደ ያበላታል፤ እሷም ቋጠሮውን በጥርሷ መፍታት ተምራለች። በዚያ ማታ ፈትቷት እስከ ወንዙ ጋልቦ ሲመለስ፣ ሎሌው ከመስኩ ላይ «በቅሎዋ! በቅሎዋ!» እያለ ሲጮኽ ሰማ። ቅርብ የነበረው የአያ ደምስ ጭድ ቤት ነው። አስገብቷት በሩን ዘጋ። ሲነጋ ቀስ ብሎ ሊመልሳት ነበር ሐሳቡ። ሲነጋ ግን እናቱ በረቱ ውስጥ ገፋችው።

ይኸው ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጭድ ቤት ውስጥ የአምና ጭድ አለ። ውሃ የለም።

አጠገቡ ወደ ተቀመጠው ሰው ጠጋ አለ። «በቅሎ ውሃ ሳትጠጣ ስንት ቀን ትቆያለች?»

«ምን አገባህ?»

ሌላውን ጠየቀ። ሌላው ደግሞ «ሂድ ወደዚያ» አለው። በመጨረሻ ወደ አያ ደምስ ሄደ፤ ለጥያቄው ሁልጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው እሱ ብቻ ነውና።

«ሁለት ቀን ብትችል ነው» አለ አያ ደምስ፣ ዓይኑን ከሰማዩ ሳይነቅል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትሞታለች።»

ሽብሩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ አባ ወሰን ሄደ። ተራው አልነበረም፤ ተራም አልነበረውም። በጆሯቸው ተንጠለጠለ።

«አባ፣ በቅሎዋ አያ ደምስ ጭድ ቤት ውስጥ ናት።»

«ማን አስገባት?»

ልጁ የጣቶቹን ጥፍር ሲቆጥር ቆየ። «እንጃ።»

ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «ብቻ ቶሎ በሉ። ውሃ ጠምቷታል።»

አባ ወሰን ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። «ወፍ ነገረችኝ» አሉ። «በቅሎዋ በደምስ ጭድ ቤት ናት።»

በረቱ ተንጫጫ። ሰዉ ሁሉ ተያይዞ ወደ አያ ደምስ ግቢ ወረደ። በሩ ሳይከፈት በፊት በቅሎዋ ከውስጥ ጮኸች።

«አንተ ደምስ!» አለ ጭቃ ሹም ይፍሩ።

አያ ደምስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አፉን ከፈተ፤ የሚወጣ ቃል ግን አጣ።

«ዝምተኛ ሰው እኮ ነው የሚያስፈራው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ትናንት ጠይቃችሁኝ ቢሆን እንኳ እሱን አልጠረጥርም ነበር» አለ ሌላው።

«ሁለቱን በሬዎችህን ወደ በረቴ ትነዳለህ» አለ ጭቃ ሹሙ። «አንተን ደግሞ ለበላዮቼ አስረክብሃለሁ።»

አያ ደምስ አንድ ጊዜ ወደ በሬዎቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማዩ አየ። በሬ የሌለው ሰው በሚቀጥለው ክረምት አያርስም፤ ጤፉ የበሰበሰበት ደግሞ እስከዚያ አይደርስም። በዚህን ጊዜ ነው ቃል የወጣው።

«ጎረቤቴ ማን እንደሆነ እያወቃችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ?»

ከፊሉ ሰው ሳቀ። ጌጤነሽ ግን ጫጫታውን ሰምተው ከመጡት ሴቶች መካከል ወጣ አለች።

«ምን ማለትህ ነው አያ ደምስ? ይሄ ልጅ ነው በቅሎ የሚሰርቀው? ቁመቱ እርካቡ ላይ እንኳ አይደርስ!»

«ሙክቴስ እርካብ ነበረው?»

ሳቁ በረታ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቀም። «በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ታሳብባለህ?» ብሎ ሎሌውን በሬዎቹን እንዲፈታ አዘዘው።

«ቆይ» አሉ አባ ወሰን። «መጀመሪያ ውሃ ስጧት። ጠምቷታል ተብያለሁ።»

ይህን ሲሉ የተመለከቱት ሽብሩን ነበር። ሽብሩ የሚመለከተው መሬት አገኘ።

ገንዳ ሙሉ ውሃ ቀረበላት። በቅሎዋ አፏን ነክራ አንገቷ እየተንቀጠቀጠ ጠጣች፤ ገንዳው ደርቆ ታየ። ጭቃ ሹሙ በመዳፉ ገብስ ይዞ «ነይ የኔ እመቤት» አላት። አሽትታው አለፈችው። ሎሌውን አለፈችው። ሰዉ መንገድ እየለቀቀላት ሄደች ሄደችና ሽብሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የጋቢውን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

«የለኝም!» አለ ሽብሩ ወደ ኋላ እየሸሸ። «ዛሬ አልያዝኩም! ያለኝን በቀደም ጨረሽው አይደል!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ልጁ የተናገረው ነገር ገባው። ጋቢውን መንጭቆ ሮጠ፤ የሚሸሸግበትም ሌላ ቦታ ጠፍቶ አያ ደምስ ጀርባ ላይ ተለጠፈ። በቅሎዋ ተከተለችው። በአያ ደምስ ትከሻ ላይ አንገቷን አሳልፋ ቋጠሮውን መፈለግ ቀጠለች።

«አንተ!» አለ ጭቃ ሹሙ አለንጋውን አንሥቶ።

አያ ደምስ በልጁና በአለንጋው መካከል ቆመ። በኋላ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ልቡ ራርቶ ነው ይላሉ። ልቡ አልራራም። ሽብሩ ከኋላ ቀበቶውን አጥብቆ ስለ ያዘው መንቀሳቀስ አቅቶት ነው።

«ልመልሳት ነበር!» አለ ሽብሩ ከጀርባው። «ሲነጋ ልመልሳት ነበር! እማዬ ናት በረት ያስገባችኝ!»

ጌጤነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

ጭቃ ሹሙ ይምታ ወይስ አይምታ ሲያመነታ፣ አንዲት የዝናብ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች።

«ጤፌ!» አለ አያ ደምስ። ጀርባው ላይ ልጅ እንደ ተንጠለጠለበት ወደ ማሳው ሮጠ።

«ምን ትቆማላችሁ?» አሉ አባ ወሰን። «ሌባ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከምሩለት!»

ሁለት ቀን ሙሉ ታጉሮ የነበረ ሰው መሮጥ አምሮት ኖሯል። ከኋላ ሲያማው የነበረው ሳይቀር ነዶ ተሸከመ። በቅሎዋንም ጫኗት። ሎሌው ሲስባት አልንቀሳቀስም አለች፤ ሽብሩ ከፊቷ ሲሄድ ግን ትከተላለች። ስለዚህ ሽብሩ ከማሳው ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ማሳው እግሩ እስኪዝል ተመላለሰ። በየዙሩ ጭቃ ሹም ይፍሩ «ቀስ በል፣ በቅሎዬን እንዳታደክማት!» እያለ ከጎን ከጎን ሮጠ።

የመጨረሻው ነዶ ተጭኖ ክምሩ በሣር እንደ ተከደነ ዝናቡ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ጭድ ቤቱ ውስጥ ተጠጋግቶ ገባ፤ በቅሎዋም መካከል ላይ። አያ ደምስ በበሩ በኩል ክምሩን አየ። ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ረጅም ትንፋሽ አወጣና እዚያው ጭዱ ላይ ቁጭ አለ።

ሽብሩ ቀስ ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። «አያ ደምስ፣ ዛሬ እግዜር ያሳድግህ አትለኝም?»

«እልሃለሁ» አለ አያ ደምስ። «ቶሎ ያሳድግህ። በጣም ቶሎ።»

ጭድ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጭቃ ሹም ይፍሩ ጥቂት ታግሎ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ መቅጣት እንደማይችል ስላወቀ አለንጋውን ለሎሌው ሰጠው። በሬዎቹም ወደ ጋጣቸው ተመለሱ። አንድ ነገር ግን ከንክኖት ነበር።

«አባ ወሰን» አለ። «ወፍዎ በቅሎዋ እዚህ ናት ስትል እውነቷን ነው። ደምስን ልታስበላው ግን ምንም አልቀራት። ምን ዓይነት ወፍ ናት? እውነተኛ ናት እንበል ወይስ ውሸታም?»

አባ ወሰን ማን እንደ ነገራቸው ላይናገሩ ምለዋል። ስለዚህ ስም አልጠሩም። ከበቅሎዋ ጋማ ላይ ጭድ የሚለቅመውን ልጅ አየት አደረጉና፣ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አሉ።