የጡሩንባ ነፊው ስልክ

አንድ ሰው ነበረ። በእድሩ ውስጥ ሰው መሞት ያቆመ የመሰለው ሰው ነበረ።

አትሳቂ፣ ልጄ። ጥያቄዬን ትተው ወደ ተረት ገቡ ብለሽም አትታዘቢኝ፤ አልረሳሁትም። ልቤን መርምሬ በእህቴ ላይ የሠራሁት በደል አላገኘሁም፣ ታዲያ ያልበደልኩትን ሰው ለምን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብለሽኛል። የንስሐ አባትሽ ነኝና በአንድ ቃል ሂጂ ብዬ ላዝሽ እችል ነበር። ትሄጃለሽም። ግን ፊትሽን አጥቁረሽ ሄደሽ ፊትሽን አጥቁረሽ ትመለሻለሽ። እንዲህ ያለው መንገድ ጫማ ከመጨረስ በቀር ትርፍ የለውም። ስለዚህ ተቀመጪና ስሚኝ።

ሰውዬው ጡሩንባ ነፊ ነበር። በድሮ ሰፈሩ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ በየመንገዱ እየዞረ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን ይለፍፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሠርቷል፤ አንድ ቀብርም አላለፈውም። ሰው ይወደዋል፣ ይፈራዋልም። የሰው በር ሲያንኳኳ፣ ለሰላም ነው የመጣሁት ብሎ አስቀድሞ ካልተናገረ የቤቱ ባለቤት ደረቱን ይዞ ነበር የሚከፍትለት።

ኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። ነዋሪው በከተማው ዳርና ዳር ወደተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ። እድሩ ግን አልፈረሰም፤ ሦስት መቶ አባወራ ሲቀባበር ኖሮ፣ ቤት ስለተለያየ ብቻ አይበተንም። ችግሩ ጡሩንባው ነበር። ከአንዱ የከተማ ዳር ተነፍቶ ሌላው ዳር አይሰማም። ስለዚህ ጥሪው በስልክ እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ግሩፕ ተከፈተ፤ ሰው ሲሞት የእድሩ ጸሐፊ እዚያ ላይ ይጽፋል፣ ሁሉም በየቤቱ ያነባል። ጡሩንባ ነፊውን አመስግነው፣ ያገለገለ ስማርት ስልክ ገዝተው ሰጡት። እሱም ጡሩንባውን ይዞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ገባ። ከአልጋው ራስጌ ሰቀለውና በየቅዳሜው በጨርቅ ይወለውለው ጀመር።

ይህ ሰው አንድ ወዳጅ ነበረው፣ ዘርጋው የሚባል አናጺ። የእድሩን የሬሳ ሳጥን የሚሠራው እሱ ነበር። አንዱ ያውጃል፣ አንዱ ሳጥኑን ይመታል፤ ብዙ ዘመን እንዲህ አብረው ኖረዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ዘርጋው ልጁ ጋ፣ በከተማው በሌላኛው ዳር ገባ። ከመለያየታቸው በፊት ጡሩንባ ነፊውን እጁን ይዞ፣ «ለእኔ በስልክ እንዳይሆን። በጡሩንባህ ነው የምታሳውቅልኝ» አለው። እሱም ማለለት።

ብዙ ሳይቆይ ዘርጋውን ጉሮሮውን አመመው፣ ድምፁም ጠፋ። ደውሎ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ይጽፍለታል፤ ጡሩንባ ነፊው ደግሞ መጻፍ ስለሚሰለቸው ድምፁን ቀድቶ ይልክለታል። አንድ ቀን፣ እንዴት ሰነበትክ ብሎ ቢልክለት ዘርጋው፣ «ደህና ነኝ። አንተስ?» ብሎ መለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ዝምታው የጀመረው።

በመጀመሪያው ወር ግሩፑ ላይ የሞተ ሰው አልተጻፈም። ጡሩንባ ነፊው ተመስገን አለ። በሁለተኛውም ወር የለም። በሦስተኛው ወር ሲቆጥር ዋለ። በድሮው ሰፈር በወር ሁለት ጊዜ፣ በክረምት ሦስት ጊዜ ይነፋ ነበር። ሦስት መቶ አባወራ፣ ሽማግሌና በሽተኛ ሞልቶበት፣ እንዴት አንድ ሰው አይሞትም? አምስት ወር ሆነ፣ ስድስት ወር ሆነ። ደስታው ወደ ፍርሃት ዞረ። ሞት የሆነ ቦታ ቆሞ እየተጠራቀመ ያለ መሰለው፤ አንድ ቀን በአንድ ጊዜ እንደሚመጣ አሰበና ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ያገኘውን ጎረቤት ሁሉ ፊት ፊቱን ማየት ጀመረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ጡሩንባውን አውርዶ ከአፉ አስጠጋው። ማንን ብሎ እንደሚነፋ አላወቀምና መልሶ ሰቀለው።

ደውሎ አይጠይቅም ወይ ትይኝ ይሆናል። ደውሎ ምን ይበል? ከእናንተ የሞተ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ሟርት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጡሩንባ ነፊ ሲደውል! ስልኩን ያነሣው ሰው ሄሎ ሳይል ይወድቃል። ሰዎቹም ወደሱ አይደውሉም፤ ሁሉም ግሩፑ ላይ ያነባል ብለው ያምናሉ።

የሚያጽናናው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየማለዳው ስልኩን ሲከፍት የዘርጋው መልእክት እዚያው አለ፤ «ደህና ነኝ። አንተስ?» ይላል። እሱም፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ ብሎ ድምፁን ይልካል። በማግሥቱም ይከፍታል፤ «ደህና ነኝ። አንተስ?» ይላል። ቀኑ ከላዩ ተጽፏል፣ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እሱ ደግሞ የፈረንጅ ቀን ሲያይ ዐይኑ ዘልሎት ያልፋል፤ ብዙዎቻችንም እንደዚያው ነን። ቃሉን በየቀኑ ስላነበበው፣ ዘርጋው በየቀኑ የጻፈው መሰለው። ከራሱ መልእክቶች ጎን ደግሞ ትንሽ የሰዓት ምልክት ትታያለች። አልሄደም፣ እየጠበቀ ነው ማለት ነበር። እሱ ግን ለጌጥ የተደረገች መሰለችው።

ሊሄድ አስቦ ነበር፤ ይህን አልደብቅሽም። ሦስት ታክሲ ነው፣ ጉልበቱም ያመዋል። ያስቀረው ግን ጉልበቱ አይደለም። ደህና ነኝ ያለ ሰው ጋ ምን ያጣድፈኛል ብሎ ነው የቀረው።

በሰባተኛው ወር ፍርሃቱ ሲበረታ፣ ከጎኑ ቤት የምትኖር አንዲት ነርስ ዘንድ ሄዶ፣ ይህ ስልክ ታሞ ይሆን ብሎ ጠየቃት። ወደ ሥራ እየተጣደፈች ነበርና አንድ ቦታ አሳየችው፤ ከሠሪዎቹ የሚላክ፣ ዝማኔ የሚሉት አዲስ ማሻሻያ መኖር አለመኖሩን ስልኩ ራሱ የሚፈትሽበት ነው፣ ሲጠራጠሩ እዚህ ይጫኑ አለችው። ተጫነ። አንዲት ክብ ነገር ስትዞር ቆየችና ጽሑፍ መጣ፤ «አዲስ ዝማኔ የለም። ስልክዎ ወቅታዊ ነው» ይላል። ልቡ ዐረፈ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ጡሩንባውን ከወለወለ በኋላ ስልኩን ይጠይቀዋል። ስልኩም ያንኑ ይመልሳል፤ አንድ ቀን እንኳ ቃሉን ለውጦ አያውቅም።

በዘጠነኛው ወር ስልኩ ከእጁ አምልጦ ደረጃው ላይ ወደቀና ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ከሕንፃው ሥር ስልክ የምትጠግን ሴት አለች፤ ወስዶ ሰጣት። የሚስማማውን መስታወት ለማግኘት የስልኩን ዓይነት ማወቅ ነበረባትና፣ እሱ ወርዶበት ወደማያውቅ ቦታ፣ «ስለ ስልኩ» ወደሚለው ገባች። እዚያ ያለውን ስታነብ እጇ ቆመ።

ሶፍትዌሩ ቁጥር ስድስት ነው፣ ዛሬ ሰው የሚይዘው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ነው አለችው። ከቁጥሩ ሥር ያለውንም ቀን ወደኛ አቆጣጠር መልሳ ነገረችው። ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘመነው የዛሬ ስምንት ዓመት ነበር። እድሩ ሲገዛለትም ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ጡሩንባ ነፊው ተቆጣ። በየሳምንቱ የምጠይቀው እኔ ነኝ ብሎ ስልኩን ተቀበላትና ያንን ቦታ ተጫነ። ክቧ ዞረች። «ስልክዎ ወቅታዊ ነው» አለ።

«አባባ፣ ስልኩ አልዋሸዎትም» አለችው ሴትዮዋ። «ሠሪዎቹ ትተውታል፣ ከእንግዲህ የሚልኩለት ነገር የለም። አዲስ ነገር አለ ወይ ሲሉት የለም ይላል። ለሱ የለማ። እርስዎ መጠየቅ የነበረብዎት ደህና ነህ ወይ ብለው አይደለም፤ ስንተኛው ላይ ነው የቆምከው ብለው ነው።»

መልእክት የሚያመላልሰው ፕሮግራም እንዲህ ባረጀ ስልክ ላይ መሥራት ካቆመ ወራት እንዳለፈው ነገረችው። የድሮውን ያሳያል፣ አዲስ አይቀበልም፣ አይልክም። ከዚያ ሲም ካርዱን አውጥታ፣ መደርደሪያዋ ላይ ወደነበረ ሌላ ስልክ ከተተችና ግሩፑን ከፈተችለት።

ስልኩ መጮህ ጀመረ። አንድ ጊዜ ጮኸ፤ የእድራችን አባል ወይዘሮ እገሊት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ይላል። ሳያነብ ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛው ተከተለ። የዘጠኝ ወር ሞት በአንድ ደቂቃ ወረደበት፣ አሥራ አራት ሰው። ጡሩንባ ነፊ ሁልጊዜ በአንዱ ሟችና በሌላው መካከል ትንፋሽ ይወስዳል። ያን ቀን ትንፋሽ የሚሰጠው አልነበረም። አሥራ አንደኛው ስም ዘርጋው ነበር።

የዘርጋው የራሱም መልእክቶች መጡ። ድምፅህን ካሰማኸኝ ቆየህ ይላል አንዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ተቀይመኸኝ ይሆን? የበደልኩህ ካለ ንገረኝ ይላል። ከዚያ፣ ሰውነቴ እየደከመ ነው፣ ብትመጣ ይላል። የመጨረሻው የተጻፈው ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ነው። «ልጆቼ ጡሩንባው ይቅር ይላሉ። እኔ ግን ትመጣለህ ብያቸዋለሁ።»

አሮጌው ስልክ ከጎኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በተሰነጠቀው መስታወት ሥር አሁንም፣ «ደህና ነኝ። አንተስ?» ይላል።

በማግሥቱ ሦስት ታክሲ ይዞ መጣ። ወዴት ትይኝ እንደሆነ፣ እኔ ወደማገለግልበት ደብር ነው የመጣው፤ ዘርጋው የተቀበረው እዚህ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን በጠራራ ፀሐይ ቆመን ሳለ ከመካነ መቃብሩ በኩል የጡሩንባ ድምፅ ሰማን። ይህ ድምፅ በዚህ አካባቢ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። አንዲት አሮጊት አማተበች። ዘበኛው ሮጦ ሄዶ ዛሬ ቀብር የለም፣ ማን ሞተ ብለህ ነው አለው። ሰውዬው ጡሩንባውን ከአፉ አወረደና፣ «ሞቱ የቆየ ነው። የዘገየሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ የዘርጋውን ስም እስከ አባቱ ለፈፈ። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጦ አሁን የነገርኩሽን ሁሉ ነገረኝ፤ ለሚጠቅመው ሰው ንገርልኝም ብሎኛል። ያን ቀን አብሬው አለቀስኩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

ልቤን ጠየቅሁት፣ በደል የለብሽም አለኝ ብለሻል። አምንሻለሁ። ልብሽ አልዋሸም። ግን ልብሽ የቆመበትን ቀን አንብበሻል? እናታችሁ ስትሞት፣ እህትሽ ከሣልስቱ ማግሥት ድንኳኑን ጥላ ሄደች ብለሽ ቂም ያዝሽ። ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለሷ አዲስ ቃል ልብሽ ውስጥ አልገባም፤ በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ። በየቀኑ የምትቆጪያት የዛሬዋን ሴት አይደለም፣ የዚያን ቀኗን ነው። ያኔ የቆመውን ልብ፣ ዛሬ ያጠፋሁት ነገር አለ ወይ ብለሽ ስትጠይቂው፣ የለም ቢልሽ ምን ያስደንቃል? በዚህ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልካብሻለች። ምን ብላ እንደላከች ሳትሰሚ መለስሻቸው። እሷ ዘንድ ያለው፣ ወደ አንቺ ያልደረሰው ቃል ስንት እንደሆነ ልብሽ ሊነግርሽ አይችልም።

ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂ ብዬ አላዝሽም። ልጠይቅሽ ብቻ። እህትሽ በራሷ አፍ ደህና ነኝ ያለችሽ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?

ለእኔ አትመልሺልኝ። ታክሲው ከደብሩ በር ላይ ነው የሚነሣው፣ ቀኑም ገና ነው።