የዘርፌ ፍሪጅና የሠርጉ ድንኳን

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ሥራ ያለው ይሂድ። ዘርፌ የምትባል ሴት ለባሏ የስኳር መድኃኒት ማቆያ ብላ ፍሪጅ ገዛች። የሁለት ዓመት ዋስትና አለው አሏት። ዋስትናው ዛሬም ደህና ነው፤ ፍሪጁ ግን በወሩ ሞተ። ዘርፌ መርፌውን ውኃ በነካ ጨርቅ ጠቅልላ ማሰሮ ውስጥ ከተተችና፣ ከተበላሸ ባሌን አጣሁ ብላ ፈራች።

ወደ ጠጋኙ ሄደች። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፤ ጠግንልኝ አለችው። ጠጋኙ ያለ ትእዛዝ አልጠግንም አለ።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ሄደች። እዚያ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል አስተናገደቻት። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ጠጋኙ አልጠግንም አለ፤ እዘዢልኝ አለቻት። ልጅቷ ያለ ፊርማ አላዝም አለች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። ስለ ደንበኛ እርካታ ስብሰባ ላይ ነበርና ቆማ ጠበቀችው። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ጠጋኙ አልጠግንም አለ፣ ልጅቷ አላዝም አለች፤ ይፈርሙልኝ አለችው።

«ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» አላት። አልፈርምም በጨዋ ደንብ እንዲህ ይባላል። በነጋታው ሄደች፤ ያም ቀን ነገ አልነበረም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ እናት ወደ በለጥሻቸው ሄደች፤ እድራቸው አንድ ነው። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ጠጋኙ አልጠግንም አለ፣ ልጅቷ አላዝም አለች፣ ልጅሽ አልፈርምም አለ፤ ተቆጪልኝ አለቻት። በለጥሻቸው ሙሽራ ልጄን በሠርጉ ሳምንት አልቆጣም አለች።

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ሄደች። ፍሪጁ አላቀዘቅዝም አለ፣ ጠጋኙ አልጠግንም አለ፣ ልጅቷ አላዝም አለች፣ ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም አለ፣ እናቱ አልቆጣም አለች።

«ጋሼ፣ እድሩ የሚደርስልኝ ባሌ ሲሞት ብቻ ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ አሳፍሯቸዋል።

በማግስቱ በለጥሻቸው የእድሩን ድንኳን ለሠርጉ ልትወስድ መጣች። ዳኛው በክብር አስቀመጧት።

«ድንኳኑማ አለ፣ በለጥሻቸው። ሲስተም የለም እንጂ። ነገ ተመለሺ።»

እድሩ ሲስተም ኖሮት አያውቅም። ያለው የመጋዘን ቁልፍ ነው፤ እሱም ጋሽ ወንዳፍራሽ ኪስ ውስጥ ነው። በለጥሻቸው ገባት።

ያን ጊዜ እናት ልጇን ተቆጣች፣ ልጇ ፈረመ፣ ልጅቷ አዘዘች፣ ጠጋኙ ጠገነ፣ ፍሪጁ አቀዘቀዘ፣ መርፌውም ከማሰሮ ወጥቶ ፍሪጅ ገባ። ድንኳኑም ተተከለ።

እሑድ ዘርፌ ከባሏ ጋር ሠርጉ ላይ ተገኘች። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ሳማትና አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት ብሎ ጠየቃት።

«ግሩም ነው ልጄ» አለችው። «ብቻ በየወሩ አግባ።»